የልጄ መድኃኒት ለማላውቃት ሴት ተነገረ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመድኃኒት ቤቶች አገልግሎት ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ፅጌረዳ ደምሰው
አድራሻ፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ መብራት ኃይል

ጉዳዩ፦ በሟች ልጄ በሕፃን ዝማሬ አምሐ የመድኃኒት አሰጣጥ ላይ አቅርቤው የተዘጋው ቅሬታ ተከፍቶ እንደገና እንዲታይልኝ፣ እንዲሁም መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በጥናት የተሞከረው የመድኃኒት አወሳሰድ ማብራሪያ ካርድና ቪዲዮ በመድኃኒት ቤቶች እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን አቤቱታ የጻፍሁት እኔው ራሴ ነኝ። በክፍያ አቤቱታ ለሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ያልሰጠሁት፣ በምልክት ቋንቋ የምነግረውን ተረድቶ የሚጽፍልኝ ስላጣሁ ነው። አማርኛን የተማርሁት በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ በመሆኑ፣ አጻጻፌ ወይም አከባበሬ የጎደለበት ቦታ ቢኖር ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. በሕፃንነቴ ማጅራት ገትር ይዞኝ ከዳንሁ በኋላ መስማት አልችልም። መካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዛሬ መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለ ልብስ ስፌት ቤት የተማሪዎች ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባለቤቴ አቶ አምሐ ጸጋአብም እንደኔው መስማት የተሳነው ሲሆን፣ ለቡ በሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት አናጺ ነው። የተዋወቅነውም በትምህርት ቤታችን ነው።

2. ዝማሬ ብቸኛ ልጃችን ነበረች። እሷ ትሰማለች። በተወለደች ሰሞን በር ሲንኳኳ ፊቷን ስታዞር እናቴ ወ/ሮ ፀሐይወርቅ አይታ "እሰይ፣ ይህ ቤት ድምፅ ገባበት" ብላ ስሟን አወጣችላት። ልጄ ግን አፏን ከመፍታቷ በፊት እጇን ፈታች። ወተት፣ እንቅልፍ፣ አባዬ የሚሉትን በምልክት ስትነግረን ገና በዳዴ ነበር የምትሄደው። ከፍ ስትል ከሰፈር ልጆች ጋር አቦ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ታጠና ነበር። ቤት ስትመለስ አገጯን ቀና አድርጋ ጣቶቼን ጉሮሮዋ ላይ ታስቀምጥና ትዘምርልኛለች። ምን እንደምትል በጣቴ ባላውቅም፣ ሲያልቅ ፊቷን አይቼ አውቃለሁ።

አምሐ አንድ ሥርዓት ነበረው። ዝማሬ በሐኪም ቤትም በመሥሪያ ቤትም አስተርጓሚያችን እንድትሆን አይፈቅድም። "ልጅ ናት፤ የአዋቂ ሸክም አናሸክማት" ይለኝ ነበር። እኔም እስማማለሁ። ከዚህ በታች በማስረዳው ዕለት ልጄ መድኃኒት ቤት አብራኝ ያልነበረችው በዚሁ ምክንያት ነው።

3. አስም የጀመራት በሦስት ዓመቷ ነው። ሐኪም ያዘዘላት በአፍ የሚሳብ ሰማያዊ መድኃኒት፣ በተለምዶ ፓፍ የምንለውን ነበር። ሲነሣባት ከተበሳ የውኃ ፕላስቲክ ጋር አያይዤ እነፋላታለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቃታል። ሌላ እናት የልጇ ደረት ሲጮኽ ትሰማለች። እኔ የማውቀው መዳፌን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ነው። የስፌት መኪና ሲሄድ ጠረጴዛው እንደሚንዘረው ዓይነት ንዝረት አለው። ፓፉን ስሰጣት ንዝረቱ እየቀነሰ ሄዶ ይጠፋል። ንዝረቱ ጠፋ ማለት ለእኔ ልጄ ተሻላት ማለት ነበር። ክቡርነትዎ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

4. በጥር ወር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሳሏ ስለበረታ ወደ ክትትሏ ወሰድኋት። ሐኪሟ ወረፋ በዝቶባቸው ነበርና "መድኃኒቷን አስተካክያለሁ፤ አወሳሰዱን መድኃኒት ቤት ያስረዱሻል" ብለው በወረቀት ጻፉልኝና ማዘዣውን ሰጡኝ። ማዘዣው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን ጽሕፈቱም አይነበብም። በላዩ ሁለት መድኃኒት እንደነበረ ያወቅሁት ልጄን ከቀበርሁ በኋላ ነው። ዝማሬን ቤት አድርሼ፣ ለጎረቤቴ ለወ/ሮ አስቴር ትቻት፣ ብቻዬን ወደ መድኃኒት ቤት ሄድሁ።

5. መድኃኒት ቤቱን ሰው ሞልቶት ነበር። ባለሙያው ከመስታወት ጀርባ ናቸው፤ አፍና አፍንጫቸውን በማስክ ሸፍነዋል። ስልኬ ላይ ሁልጊዜ የማስቀምጠውን "መስማት አልችልም፤ እባክዎ ይጻፉልኝ" የሚል ጽሑፍ በመስታወቱ አሳየኋቸው። እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ገብተው ቡናማ ፓፍ ይዘው መጡ። እኔም ከቦርሳዬ ሰማያዊውን አውጥቼ እያመለከትሁ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ገልብጠው የለም አሉኝ። ሰማያዊው ስለሌለ በምትኩ ይህንን ሰጡኝ ብዬ ተረዳሁ።

ቀጥሎ ማስካቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየተናገሩ ነው። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም፤ በትከሻዬ ላይ አልፎ ከኋላዬ ያያል። ዘወር ስል ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለ ራሳቸው መድኃኒት የሚነጋገሩ መሰለኝ። ቀጥሎ ከረጢቱ ላይ "ለአስም፤ ጠዋትና ማታ" ተብሎ ተጽፎ ከነማዘዣው ተሰጠኝ። ተጨማሪ እንዲጽፉልኝ ስልኬን መልሼ ባሳያቸውም ወደ ሌላ ሰው ዞረዋል። ከኋላ ያለው ሰው ገፋ አደረገኝ፤ ወጣሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡናማውን ጠዋትና ማታ ስሰጣት ነበር። የሰማያዊው ቅሪትም በየካቲት መጀመሪያ አለቀ። አልተጨነቅሁም፤ ለአስም ተብሎ የተጻፈበት አዲስ መድኃኒት በእጄ አለና።

6. የካቲት 15 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። አምሐ ሥራ ላይ ነበር። አጠገባችን በሚሠራው ሕንፃ ሴራሚክ ሲቆርጡ ነጩ አቧራ ወደ ግቢያችን ይገባል። ዝማሬ ከውጭ ሮጣ መጣችና "እማዬ፣ መጣ" አለችኝ በእጇ። አስሙን እንዲያ ነበር የምትጠራው፣ እንደ እንግዳ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ቡናማውን ፓፍ ነፋሁላት። ንዝረቱ አልቀነሰም። ደገምሁላት። ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋን ወደ ላይ እየሳበች ትተነፍስ ጀመር።

"ምን ይሰማሻል?" ብዬ ጠየቅኋት። አልመለሰችልኝም። ክቡር ኃላፊ፣ ልጄ እኔን የምታናግረኝ በእጆቿ ነው፤ እጆቿን ደግሞ ለመተንፈስ ፈልጋቸዋለች። አንድ ጊዜ ቀኝ እጇን ከጉልበቷ አንሥታ ልትነግረኝ ሞከረች። መልሳ ተከለችው። ምን ልትለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንደገና ነፋሁላት። መዳፌ ጀርባዋ ላይ ነበር። ንዝረቱ ቀነሰ። ቀነሰ። ጠፋ። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ለቀቃት ብዬ ውኃ ላመጣላት ተነሣሁ። ንዝረቱ የጠፋው አየር ወደ ደረቷ መግባት ስላቃተው እንደሆነ ሐኪሞች ያስረዱኝ በኋላ ነው።

ውኃውን ይዤ ስመለስ የከንፈሯ ቀለም ተለውጦ ነበር። አቅፌያት ወደ ወ/ሮ አስቴር ሮጥሁ። እሳቸው ባጃጅ አስቁመው አብረን ወደ ጤና ጣቢያ በረርን። በመንገድ ላይ ጆሯቸውን ከልጄ ደረት አላነሡም። እኔ የእሳቸውን ፊት አይ ነበር፤ ሌላ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ከመድረሳችን በፊት ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ።

7. በጤና ጣቢያው ሐኪሙ ከጭብጤ ውስጥ ቡናማውን ፓፍ አውጥተው አዩትና ለወ/ሮ አስቴር አንድ ነገር ተናገሩ። ወ/ሮ አስቴር በስልካቸው ጽፈው አሳዩኝ። "ይሄ ሲነሣባት የሚሰጠው አይደለም ይላሉ። በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ነው። ሰማያዊው የት አለ ይላሉ" የሚል ነበር። የለም አልሁ። ሐኪሙ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ቆይተው ተመለሱና ደግሞ ተናገሩ። ይህንን ግን ወ/ሮ አስቴር አልጻፉልኝም። ስልኩን ኪሳቸው ከተው አቀፉኝ። የልጄን ሞት የተረዳሁት እንዲያ ነው።

አምሐ ከዚያ ወዲህ ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይበላል። ቤታችን ወሬ የማይቋረጥበት ነበር፤ ሦስታችንም በእጃችን ለማውራት እንሻማ ነበር። አሁን እጅ የሚያነሣ የለም።

8. በመጋቢት ወር ለጽሕፈት ቤትዎ ቅሬታዬን አቀረብሁ። በሰኔ የደረሰኝ መልስ መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ነው። የተሰጠው አንዱ ምክንያት "አመልካች ለማጣራት በተደጋጋሚ በስልክ ተጠርተው መልስ ስላልሰጡ" የሚል ነው። በዚያ ሰሞን ስልኬ በማላውቀው ቁጥር ሲበራ አይቻለሁ። ላደርግ የምችለው መብራቱ እስኪጠፋ ማየት ነበር። መስማት እንደማልችል በማመልከቻዬ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጽፌ ነበር።

ሌላው ምክንያት የበለጠ ያደማኝ ነው። "ባለሙያው ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ በቂ የቃል ገለጻ ያደረጉ ሲሆን፣ ከአመልካች ጋር የነበሩት አስታማሚም መረዳታቸውን ገልጸዋል" ይላል። ባለሙያው መናገራቸውን እኔም አልክድም፤ ማስካቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ነገር ግን አብሮኝ የነበረ አስታማሚ የለም። ብቻዬን ነበርሁ። የልጄ መድኃኒት አወሳሰድ የተነገረው እስከ ዛሬ ስማቸውን ለማላውቃቸው፣ ወረፋ ይጠብቁ ለነበሩ ሴት ነው።

9. ይህንን በግምት አልጽፍም። ባለሙያው አቶ ሬድዋን ለቅሶ መጥተው ነበር። ያለ ማስክ አይቻቸው ስለማላውቅ ማን እንደሆኑ አላወቅሁም። ሰው ሲቀንስ ቀረቡና ወረቀት አውጥተው ጻፉልኝ። "ሴትዮዋ እህትዎ መስለውኝ ነበር። ይሄኛው ሲነሣባት አይሆንም፤ ሰማያዊውን ዛሬውኑ ከሌላ ቦታ ግዙ ብዬ ለእሳቸው ነገርኋቸው። እሺ አሉኝ" ይላል። አምሐ ወረቀቱን አንብቦ ብድግ አለ። ሊመታቸው መስሎኝ ደነገጥሁ። ውኃ ቀድቶ ሰጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ።

አቶ ሬድዋን እንዲታሰሩ ወይም የሙያ ፈቃዳቸው እንዲነጠቅ አልጠይቅም። የሰኔው መልስ ከደረሰኝ በኋላ ይህንኑ ቃላቸውን በፊርማቸው አረጋግጠው ሰጥተውኛል፤ ከዚህ አቤቱታ ጋር አያይዣለሁ። ቢጠሩም ቀርበው ለማስረዳት ፈቃደኛ ናቸው።

10. ከፋሲካ በኋላ ወ/ሪት ሄርሜላ የተባሉ ፋርማሲስት ከአስተርጓሚ ጋር ቤቴ መጡ። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከመድኃኒት ቤት የሚሰጣቸውን መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱ የሚያጠኑ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን በሩን ዘጋሁባቸው። ልጄ የጥናት ወረቀት ላይ ቁጥር እንድትሆን አልፈለግሁም። በሳምንቱ ያለ አስተርጓሚ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። ጥቂት ምልክት ተምረው ነበር። "አዝናለሁ" ሊሉኝ ፈልገው ተሳሳቱና "ርቦኛል" አሉኝ። ልጄ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አልሁ፤ ወዲያውም አለቀስሁ። አስገባኋቸው። ምሳም አቀረብሁላቸው።

ጥናታቸው እንዲህ ነው። ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት መድኃኒት ቤቶች፣ መስማት የተሳናቸው ተገልጋዮች በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን እንደተለመደው በቃልና በከረጢት ላይ ጽሑፍ ተነገራቸው። ለሌላው ወገን ደግሞ በሥዕል የተሠራ ካርድ ተሰጣቸው፤ በስልክ አጭር የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደረገ፤ በመጨረሻም ባለሙያው "እስቲ አሳዩኝ" እያሉ የተረዱትን በእጃቸው እንዲያሳዩ ጠየቋቸው። ከቀናት በኋላ ወ/ሪት ሄርሜላ በየቤታቸው እየሄዱ፣ ሁሉም መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ ተመለከቱ።

ለአስም መድኃኒት በተሠራው ቪዲዮ በምልክት የሚያስረዳ ሰው ሲፈለግ፣ እኔ እሆናለሁ አልሁ። ሁለቱን ፓፎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ካሜራ ፊት ተቀመጥሁ። "ሰማያዊው ሲነሣ። ቡናማው በየቀኑ። ሲነሣ ቡናማውን ብቻ አትስጡ፤ ሰማያዊው ከቤት አይጥፋ። ንዝረቱ ጠፋ ብላችሁም አትመኑ። የልጁን ከንፈርና ትከሻ እዩ፤ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።" ንዝረቱን የሚመለከተው ንግግር እኔ የጨመርሁት ሲሆን፣ ወ/ሪት ሄርሜላ ሐኪም አማክረው እንዲገባ አድርገዋል። ቪዲዮው አጭር ነው። እኔ ግን "ከንፈር" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እየታሰረብኝ ቀረጻው ብዙ ጊዜ ወሰደ። አምሐ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ነበር። ባቆምሁ ቁጥር "ቀጥይ" ይለኛል። በዚያ ሰሞን የተነጋገርነው እሱን ብቻ ነበር።

11. በጥቅምት ወር ወ/ሪት ሄርሜላ መካኒሳ ባለ አዳራሽ ሰብስበውን ውጤቱን ነገሩን። በቃል ብቻ ከተነገራቸው መካከል መድኃኒታቸውን በትክክል ሲወስዱ የተገኙት ከግማሽ በታች ናቸው። ካርድና ቪዲዮ አይተው "እስቲ አሳዩኝ" የተባሉት ግን ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በትክክል ወስደዋል። አዳራሹ ውስጥ እጆች ወደ ላይ ተነሥተው ተርገበገቡ፤ የእኛ ጭብጨባ እንዲያ ነው። እኔ እጄን ማንሣት አቃተኝ። ውጤቱ ሳያስደስተኝ ቀርቶ አይደለም። በጥር ወር፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰለፈበት፣ አንድ ጊዜ "እስቲ አሳዪኝ" ተብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ቡናማውን አንሥቼ ተሳስቼ አሳያቸው ነበር፤ ያርሙኝም ነበር።

ጥናቱ ስላለቀ ካርዶቹ ከመድኃኒት ቤቶቹ ተሰብስበዋል። ቪዲዮዎቹም አይታዩም። ከጥናቱ ውጭ በአገልግሎት ላይ እንዲውሉ የጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ወ/ሪት ሄርሜላ ገልጸውልናል። እሳቸው የጠየቁበት ደብዳቤም መልስ ይጠብቃል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ የተዘጋው መዝገብ ተከፍቶ፣ "ከአመልካች ጋር የነበሩት አስታማሚ" የሚለው ቃል በአቶ ሬድዋን ምስክርነት እንዲታረምልኝ። ልጄ አትመለስም፤ ሆኖም እናቷ ተነግሯት ችላ እንዳለች ሆኖ በመንግሥት ወረቀት ላይ እንዳይቀር።

2ኛ/ ካርዱ፣ ቪዲዮውና "እስቲ አሳዩኝ" የሚለው አሠራር በክፍለ ከተማችን መድኃኒት ቤቶች እንዲፈቀድ፤ አንድ ሰው መስማት እንደማይችል ሲገልጽም ገለጻው አጠገቡ ለቆመ ሰው ሳይሆን ለራሱ እንዲሰጥ መመሪያ እንዲተላለፍ።

3ኛ/ ለዚህ አቤቱታ በምጠራበት ጊዜ ጥሪው በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲደርሰኝና ስቀርብ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብልኝ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሳምንት ስፌት ላይ ሳለሁ አቶ ኢፋ የሚባሉ፣ ለቡ ብሎኬት የሚያመርቱ፣ በጥናቱ ጊዜ ቪዲዮውን ያዩ፣ መስማት የተሳናቸው አባት የሕፃን ልጃቸውን መድኃኒት ይዘው መጡ። "የቪዲዮዋ ሴት አንቺ ነሽ። ይህ እንዴት ነው የሚሰጠው?" አሉኝ። በጠርሙስ ውስጥ ያለ ዱቄት ነው። ስንት ውኃ እንደሚገባበት አላውቅም። አላውቅም አልኋቸው። ከፊቴ አልሄዱም፤ ጠርሙሱን ወደ እኔ እንደዘረጉ ቆሙ። ሥራዬን ትቼ አብሬያቸው ወደ መድኃኒት ቤት ሄድሁ፤ ውኃው ተጨምሮ፣ ልኩ በሲሪንጅ ተሰምሮ እስኪሰጣቸው ቆሜ ጠበቅሁ። በማግሥቱ አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች። ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጥተዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በማላውቀው ነገር ተሳስቼ የሰው ልጅ እንዳልጎዳ እፈራለሁ፤ በር ልዘጋባቸውም አንጀቴ አይችልም። ዛሬም ወደ ሥራ ስሄድ ደጃፍ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ይኖራል። ክቡር ኃላፊ፣ ወደየት ሂዱ ልበላቸው?

ከእናት ልመናና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ፅጌረዳ ደምሰው
(ፊርማ)